ኤአይ ኤጀንትን ከጽሑፍ መልዕክት አገልግሎት ጋር ሲያገናኙ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ መመሪያ በአሜሪካ ሆነው ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞቻቸው የቅናሽና የበዓል መልዕክት በስልክ ለሚልኩ፣ ሥራውንም ለኤአይ ኤጀንት (ትእዛዝ ተቀብሎ ሥራውን በራሱ ለሚያከናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ለመስጠት ላሰቡ ነጋዴዎችና ለቴክኒክ ባለሙያዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። በምሳሌነት የተወሰደው የመልዕክት አገልግሎት ትዊሊዮ ሲሆን፣ ኤጀንቱ ከእርሱ ጋር የሚገናኘው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ባደረገው ኤምሲፒ በተባለው የግንኙነት ደንብ በኩል ነው። ሌላ አገልግሎት የሚጠቀሙ ሰዎች የስህተት ቁጥሮቹ ይለዩባቸዋል እንጂ የችግሮቹ መነሻ ብዙም አይለይም።

ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት መልዕክቱ የት ላይ እንደቆመ ይለዩ። መልዕክቱ መጀመሪያ ከኤጀንቱ ወደ ኤምሲፒ ሰርቨሩ (ኤጀንቱንና ትዊሊዮን ወደሚያገናኘው ፕሮግራም)፣ ከዚያ ከሰርቨሩ ወደ ትዊሊዮ፣ በመጨረሻም በቴሌኮም ኩባንያው በኩል ወደ ደንበኛው ስልክ ይጓዛል። ኤጀንቱ «ተልኳል» ማለቱ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አያረጋግጥም፤ መሣሪያውን (ሰርቨሩ ለመላኪያ የሚሰጠውን ተግባር) ጨርሶ ሳይጠራ እንኳ እንዲህ ሊል ይችላል። ማስረጃ የሚሆነው በትዊሊዮ የመልዕክት መዝገብ ላይ የሚታየው ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ምርመራው ሁልጊዜ ከዚያ መዝገብ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀራል።

ምልክት፦ ኤጀንቱ «መልዕክት የምልክበት መሣሪያ የለኝም» ይላል

ኤጀንቱ እንዲህ ካለና በመዝገቡ ላይም ምንም ነገር ካልታየ ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ነው። አንዱ የተለመደ መንስኤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የተጻፈው የሰርቨሩ አድራሻ መሳሳቱ ነው። ሌላውና ለማግኘት የሚያስቸግረው፣ ሰርቨሩ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ፕሮግራመሩ ለራሱ መከታተያ ያስገባው የህትመት ትእዛዝ የኤምሲፒ መልዕክቶች ከሚያልፉበት መስመር ጋር መደባለቁ ነው። በዚያ መስመር ላይ ከደንቡ ውጭ አንድ ቃል ከገባ ግንኙነቱ ይበላሻል። መከታተያውን ወደ ስህተት መስመር (stderr) ወይም ወደ ሎግ ፋይል (የክንውን መዝገብ) ያዙሩ፤ ከዚያም ኤጀንቱ ያለበትን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱ።

ምልክት፦ 401 የሚል ምላሽ፣ ከስህተት ቁጥር 20003 ጋር

ይህ የማንነት ማረጋገጫ ችግር ነው። የአካውንት መለያው በኤሲ (AC)፣ የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ወደ ትዊሊዮ የሚገባበት ቁልፍ) መለያው ደግሞ በኤስኬ (SK) ሆሄያት ስለሚጀምር፣ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል። በኮፒ ጊዜ ተያይዞ የመጣ ክፍት ቦታም ይህንኑ ስህተት ያመጣል። ቁልፉን ፈጽሞ በኤጀንቱ መመሪያ ውስጥ አይጻፉ፤ ቦታው የሰርቨሩ ምስጢራዊ ማዋቀሪያ ነው።

ምልክት፦ ትዊሊዮ መልዕክቱን ተቀብሏል፣ ስልኩ ላይ ግን አልደረሰም

ትዊሊዮ ጥያቄውን ሲቀበል የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ መልዕክቱ ተራ መያዙን እንጂ መድረሱን አይናገርም። ስለዚህ ኤጀንቱ በዚያ ምላሽ ተመሥርቶ ለባለቤቱ ሪፖርት እንዳያደርግ፣ የመልዕክቱን የመጨረሻ ሁኔታ የሚያነብ ሌላ መሣሪያ ይስጡት። የሙከራ ቁልፎች ገብተው ከሆነ ደግሞ ምላሹ የተሳካ ይመስላል እንጂ የሚላክ መልዕክት የለም።

የስህተት ቁጥር ካለ ሥራው ይቀላል። 21608 አካውንቱ ገና በሙከራ ደረጃ ስላለ ወደ ተረጋገጡ ቁጥሮች ብቻ መላክ እንደሚችል ያመለክታል። 21211 የተቀባዩ ቁጥር አጻጻፍ ትክክል አለመሆኑን ይነግራል፤ ቁጥሩ በመደመር ምልክትና በሀገር ኮድ መጀመር ሲኖርበት፣ ዝርዝሩ በኤክሴል ሲያልፍ ምልክቱና የመጀመሪያው ዜሮ ይጠፋሉ። አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ከሆነ በ09 የሚጀምረው ቁጥር ዜሮው ወጥቶ በ+2519 መጻፍ አለበት፤ ይህ ተስተካክሎም 21408 ከመጣ፣ በአካውንቱ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መላክ አልተፈቀደም ማለት ነው።

በአሜሪካ ውስጥ ብዙዎችን የሚያቆመው 30034 ነው። በመደበኛ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር የንግድ መልዕክት የሚልክ ሁሉ ድርጅቱንና የመልዕክቱን ዓላማ አስቀድሞ ማስመዝገብ ስላለበት፣ ያልተመዘገበ ቁጥር መልዕክቱ ይታገዳል። ይህንን የፕሮግራሙን ጽሑፍ በመለወጥ ማለፍ አይቻልም፤ ምዝገባውን መጨረስ ብቻ ነው መፍትሄው። 30007 ከሆነ መልዕክቱ እንደ አይፈለጌ ተቆጥሮ ተጣርቷል፤ በዚህ ጊዜ ኤጀንቱ ቃላቱን እየቀያየረ ደጋግሞ እንዲሞክር መፍቀድ ቁጥሩን ይበልጥ ያስጠረጥረዋል።

ምልክት፦ ሂሳቡ ከታሰበው በላይ መጣ

አንድ የጽሑፍ መልዕክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በመደበኛው የላቲን ኮድ ይህ 160 ሆሄ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይሆናል። መልዕክቱ ከዚህ ካለፈ ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚወሰድም እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ 150 ፊደል ያለው የአማርኛ መልዕክት ሦስት ክፍል ነው፤ ለ1,000 ደንበኞች ሲላክ የሚከፈለው የ3,000 ነው።

ኤጀንት ሲገባበት ችግሩ የሚባባሰው፣ ኤጀንቱ የሚሠራባቸው ቋንቋ ሞዴሎች ረጅምና ያጌጠ መልዕክት ስለሚጽፉ ነው። ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልዕክት እንኳ አንድ የተጠማዘዘ የጥቅስ ምልክት፣ ወይም መግቢያው ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ከገባበት፣ መላው ጽሑፍ ወደ ባለ 70 ሥርዓት ይዛወራል። ትዊሊዮ የተጠማዘዙ ምልክቶችን በቀላል የሚተካበት ማስተካከያ አለው፤ ለግዕዝ ፊደል ግን ምትክ የለውምና አይረዳም። የሚሠራው መፍትሄ ሰርቨሩ ፊደሎቹን ራሱ ቆጥሮ ከሁለት ክፍል ማለትም ከ134 ፊደል የሚበልጠውን እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ ኤጀንቱ ሲመለስበት ያሳጥረዋል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ በ134 ብዙ ማለት ይቻላል። ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ አማርኛውን በላቲን ሆሄ እንዲጽፍ ማዘዝን ግን አልመክርም፤ በአማርኛ የምንልክላቸው ብዙዎቹ እናቶችና አባቶች በፊደላቸው እንጂ በላቲን ማንበብ ይከብዳቸዋል።

ምልክት፦ መልዕክቱ በሌሊት ወይም በተሳሳተ ቀን ደረሰ

ባለቤቱ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክ» ብሎ ያዝዛል፤ ኤጀንቱ ይህንን በፈረንጅ ቆጠራ ተረድቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደንበኛውን ይቀሰቅሳል። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት እንዲጨምር ማዘዝም መፍትሄ አይሆንም፤ በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንዱ በሀገር ቤት ቆጠራ፣ ሌላው በአሜሪካ ቆጠራ ይናገራልና። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 17 የሚውለው መስቀል በፈረንጅ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 27 ሆኖ ሳለ፣ ኤጀንቱ ወሩን ብቻ ተርጉሞ ሴፕቴምበር 17 ካደረገው የበዓሉ ቅናሽ አሥር ቀን ቀድሞ ይወጣል። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው በሎስ አንጀለስ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የመላኪያ መሣሪያው ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀኑንና የሰዓት ቀጠናውን ያላካተተ ጊዜ እንዳይቀበል ያድርጉ። ኤጀንቱም ከመላኩ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም ቆጠራ ጽፎ ባለቤቱን «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በተጨማሪ በተቀባዩ ቦታ፣ በሀገር ቤት ቆጠራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይላክ ሰርቨሩ ላይ ይዝጉት፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለንግድ ማስተዋወቂያ ጥሪ ያስቀመጠው ገደብ ይህ ነውና ለጽሑፍ መልዕክትም መጠበቁ ይበጃል።

ምልክት፦ ደንበኛው «አቁሙ» ካለ በኋላም መልዕክት ይደርሰዋል

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። ትዊሊዮ በራሱ የሚያውቃቸው የማቆሚያ ቃላት የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ደንበኛው ስቶፕ የሚለውን ቃል ብቻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ከላከ ይታገድና ቀጣዩ ሙከራ 21610 ይመልሳል። ነገር ግን ሰው «አቁሙ»፣ «በቃኝ»፣ «እባካችሁ ከእንግዲህ እንዳትልኩልኝ» ሲል ማንም አያግደውም። በአሜሪካ ከኤፕሪል 11 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ደንበኛው ፈቃዱን በማናቸውም ምክንያታዊ መንገድ ማንሳት ይችላል፤ ላኪውም ከአሥር የሥራ ቀናት ሳያልፍ ማክበር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በአንድ መልዕክት 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1,500 ዶላር ያስጠይቃል።

የታወቁትን የአማርኛ ቃላት በትዊሊዮ የማቆሚያ ቃላት ማስተካከያ ላይ ይጨምሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገርና በላቲን ሆሄ የተጻፈ አማርኛ ሲመጣ ኤጀንቱ አንብቦ ይለየው፤ ከተጠራጠረም እንደ እምቢታ ይቁጠረው። እምቢ ያሉት ሰዎች ዝርዝር ግን በኤጀንቱ ትውስታ ሳይሆን በዳታቤዝ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩም ከእያንዳንዱ መላክ በፊት ይመልከተው።

ምልክት፦ አንድ መልዕክት ሁለት ጊዜ ደረሰ

ምላሹ ስለዘገየ ኤጀንቱ ያልተላከ መስሎት ደግሞታል። ለእያንዳንዱ ዘመቻና ተቀባይ አንድ መለያ ሰጥተው፣ ያ መለያ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ሰርቨሩ እንዳይልክ ያድርጉ።

ምልክት፦ የደንበኞች ምላሽ ለኤጀንቱ አይደርሰውም፣ ወይም ከደረሰው በኋላ ያልታዘዘውን ይሠራል

ዌብሁኩ (ትዊሊዮ የደንበኛውን ምላሽ የሚልክበት የእርስዎ አድራሻ) በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ትዊሊዮ ያቋርጣል፤ ኤጀንቱ እስኪያስብ ሳይጠብቁ ወዲያው መቀበልዎን መልሰው ሥራውን ከኋላ ያካሂዱ። ምላሹ ከትዊሊዮ መምጣቱን የሚያሳየው የፊርማ ማረጋገጫ ካልተሳካ ደግሞ በመካከል ያለው ሰርቨር የአድራሻውን አጻጻፍ ለውጦት እንደሆነ ይመርምሩ። ከውጭ የመጣ መልዕክት ውስጥ «ለሁሉም ደንበኞች ይህንን ላክ» የሚል ትእዛዝ ሊኖር ስለሚችል፣ የደንበኞችን ምላሽ የሚያነበው ኤጀንት ለብዙ ሰው የመላክ ሥልጣን አይሰጠው፤ ለብዙ ሰው የሚላከውን የድርጅቱ ሰው አይቶ ያጽድቀው።