የኦሞን ዴልታ ለውጥ በሳተላይት ምስል እንዴት እንከታተል

የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበትን ዴልታ ለማጥናት የሚፈልግ ሰው፣ ከአራት ኪሎ ሳይርቅ በአንድ ላፕቶፕ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ያነሷቸውን ምስሎች ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ከባዱ ሥራ የወቅትን ልዩነት ከእውነተኛ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ መለየት ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ወሩን ይወስኑ። ኦሞ በነሐሴና በመስከረም ከደጋው በሚወርደው የክረምት ውሃ ስለሚሞላ፣ የአንዱን ዓመት መስከረም ከሌላው ዓመት ጥር ጋር የሚያነጻጽር ሰው የጎርፉን መሸሽ እንደ ድርቅ ይቆጥረዋል። እኔ ጎርፉ ያለፈበትንና ደመና የሚያንስበትን ጥርን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የምስሉን ጥራት ይመልከቱ። የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምስሎች የሐይቁን ዳርቻ እንጂ ትንንሽ ማሳዎችን አያሳዩም፤ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የላንድሳት አንድ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ካሬ) ጎኑ 30 ሜትር፣ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ፒክስል ደግሞ 10 ሜትር ነው። ከግንቦት 2003 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በላንድሳት 7 ምስል ላይ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች የመሣሪያ ብልሽት ያስከተላቸው ናቸው።

ዐይን የማያየው የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በቀይ እንዲታይ ያድርጉ፤ ለምለም ተክል ደማቅ ቀይ፣ ንጹሕ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዐይንዎን ለማሠልጠን በመጀመሪያ በእግር የሚደርሱበትን ቦታ ይመርምሩ፦ የፒያሳን የጥር 2016 እና የጥር 2017 ዓ.ም. ምስሎች ጎን ለጎን ከፍተው፣ የፈረሰውን ሰፈር በምስሉ ላይ ምልክት ካደረጉ በኋላ ወርደው ያረጋግጡ።

ወደ ዴልታው ሲመለሱ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ቀይ ብዙውን ጊዜ የመስኖ እርሻ ሲሆን፣ የወንዙን ጥምዝ ተከትሎ የሚሄድ ጠባብ ቀይ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ዳሰነቾች ጎርፍ ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ላይ የሚዘሩት ማሳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍም ቀይ ሆኖ ስለሚታይ፣ ለምለም ሁሉ ሰብል አይደለም።

ምክንያቱን ለመጻፍ አይቸኩሉ። በኦሞ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ውሃ መያዝ ሲጀምር የወንዙን ዓመታዊ ጎርፍ ለውጦታል፤ ነገር ግን ሐይቁ ራሱ ሲጎድል አዲስ መሬት ይገለጣል፣ ሲሞላ ደግሞ ይሰጥማል። ስለዚህ ከግድቡ በፊትና በኋላ ያሉ በርካታ ዓመታትን ወስደው፣ በእያንዳንዱ ላይ የሐይቁን ዳርቻ ለብቻው ይሣሉ። ስፋቱን ሲያሰሉ 100 የሴንቲኔል ፒክስሎች አንድ ሄክታር ይሆናሉ፤ የተጠራጠሩበትን ማሳ ግን አካባቢውን ለሚያውቅ፣ በዴልታው አቅራቢያ ለምትገኘው የኦሞራቴ ከተማ ሰው ሳያሳዩ «እርሻ» ብለው አይመዝግቡ።