በጸደይ የሚደነድነውን የጓሮ አፈር መኸር ላይ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ጸደይ በመጣ ቁጥር የጓሮዬ አፈር ላዩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከሥር ደግሞ ጭቃ ነው። ዘር ቢዘራበት ቡቃያው ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። መላው የተገኘው ጸደይ ላይ ሳይሆን መኸር ላይ ነው፤ ራቁቱን የከረመን አፈር ዝናብ እየደበደበ ይጠቀጥቀዋል።

አሁን ምርት ካነሳሁ በኋላ ባቄላና አተሩን አልነቅልም፣ ከአፈር በላይ እቆርጠዋለሁ። ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ ለአየርና ለውሃ መግቢያ ይተዋል፤ ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች የያዙት ናይትሮጅንም ለመሬቱ ይቀራል። በሽታ ያጠቆረው ቲማቲም ግን ተነቅሎ ከጓሮ ይወጣል፣ ብስባሽ ክምር ውስጥም አይገባም። ከዚያ ሁለት ጣት የሚሆን ብስባሽ በትኜ የረገፈ ቅጠል አለብሰዋለሁ። ቅጠሉ መከተፍ አለበት፤ እንዳለ ከተነጠፈ ተለጣጥፎ ውሃ አያሳልፍም። ከአፈሩ ጋር አልቀላቅለውም፣ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማልና። አንዱ መደብ የነጭ ሽንኩርት ነው፤ እሱ መኸር ላይ ይተከላል፣ ብርድ ካላገኘ ፍንካቹ በደንብ አይለይም።

ጸደይ ሲቃረብ ፀሐይ አፈሩን እንድታሞቀው ቅጠሉን ወደ ጎን እገፋለሁ። ዶማ ከማንሳቴ በፊት አንድ እፍኝ ጨብጬ በአውራ ጣቴ እነካዋለሁ፦ ከተፈረፈረ መዝራት ይቻላል፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይቆይ። እርጥብ አፈር መቆፈር ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

ቲማቲም በነበረበት ድንች አልተክልም፣ ቤተሰባቸው አንድ ስለሆነ በሽታውም አንድ ነው። ለዚህ የየመደቡን ንድፍ መኸር ላይ በወረቀት አስቀምጣለሁ፤ ጸደይ ላይ ማን ያስታውሰዋል?