የጠፋ ድምፅን ከራስ አካል በተወሰደ ልም አጥንት መመለስ፦ ቀዶ ጥገናው እንዴት ይሠራል?

ስልክ አንስታችሁ ‹‹ሃሎ›› ስትሉ ከድምፅ ይልቅ አየር ነው የሚወጣው? ውሃ ቶሎ ቶሎ ትን ይላችኋል? ሳላችሁስ ጉልበት አጥቷል? አራት ሳምንት ካለፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። በቅርቡ የአንገት ወይም የደረት ኦፕራሲዮን ካደረጋችሁ ግን አራት ሳምንት አትጠብቁ።

ማንቁርት ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስንናገር ይገጥማሉ። ልክ እንደ ተካፋች በር። የአንዱ ነርቭ ሲጎዳ አንደኛው ሳንቃ ገርበብ እንዳለ ይቀራል፣ ጤነኛው መጥቶ ቢፈልገውም አያገኘውም። የግራው ነርቭ ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ዞሮ ነው ወደ ማንቁርት የሚመለሰው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል።

መጀመሪያ ምርመራ። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ገብቶ አውታሮቹ ሲንቀሳቀሱ ይታያል። ምክንያቱ ካልታወቀ ከራስ ቅል ሥር እስከ ደረት ሲቲ ስካን ይነሣል። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት፤ የሳንባ ዕጢ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታወቀው በድምፅ መሰለል ነው።

ቀጥሎ ትዕግሥት። ነርቩ መቆረጡ ካልተረጋገጠ በራሱ ሊያገግም ስለሚችል፣ ቋሚው ቀዶ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ተጠብቆ ነው የሚሠራው። እስከዚያው የድምፅ ሕክምና አለ፤ አውታሩን ለጊዜው የሚያወፍር መርፌም አለ።

ካልተመለሰ ገርበብ ያለውን ሳንቃ ወደ መሃል የሚገፋ ሽብልቅ ያስፈልጋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። በጀርመን ይሠራ የነበረ ፓየር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 በልም አጥንት (እንደ ጆሮ ቅጠል በሚለመጠው ለስላሳ አጥንት) አውታርን ወደ መሃል መግፋት ይቻላል ብሎ ጽፏል፣ ዛሬ የሚሠራበትን መንገድ ደግሞ ጃፓናዊው ሐኪም ኢሺኪ እ.ኤ.አ. በ1974 አስተዋወቀ። ዛሬ ብዙ ቦታ ሲሊኮን ይገባል። የራስ ልም አጥንት ግን ሰውነት ባዕድ ብሎ አይገፋውም፣ ከዚያው ከማንቁርቱ የላይኛው ጠርዝ ስለሚወሰድም ሌላ ቁስል የለም። ችግሩ፣ በዕድሜ እየጠነከረ አጥንት ይሆናል፤ ያኔ መቅረጽ ያስቸግራል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ከጎድን ወይም ከአፍንጫ ሊወሰድ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ ላይ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አትተኙም። አንገታችሁ ይደነዝዛል፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጣችኋል። ሐኪሙ አንገት ላይ ትንሽ ይቀድና በአውታሩ ትክክል ማንቁርቱ ላይ በግምት 5 በ10 ሚሊሜትር የሆነች መስኮት ይከፍታል። ከውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን እንዳትቀደድ በጣም ይጠነቀቃል። ልም አጥንቱን ቀርጾ በመስኮቷ ያስገባና ‹‹እስኪ ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩ›› ይላችኋል። ትቆጥራላችሁ። ድምፁ አሁንም አየር ካለው ያወፍረዋል። የታነቀ ከመሰለ አውጥቶ ይልጠዋል፣ መልሶ ያስገባል፣ እንደገና ያስቆጥራችኋል። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ልኩን የሚነግረው ማስመሪያ ሳይሆን የበሽተኛው የራሱ ድምፅ ነው። ልም አጥንቱ በኋላ ትንሽ ሊቀንስ ስለሚችል አንዳንድ ሐኪሞች ጥቂት አስበልጠው ይተዉታል።

የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ደም ውስጥ ለውስጥ ከፈሰሰ የአየር መንገዱን ይጫነዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች አንድ ሌሊት ሆስፒታል ያድራሉ። ቤት ገብታችሁ ስትተነፍሱ ሲጥ ሲጥ ካለ፣ ወይም አንገታችሁ ካበጠ፣ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ለጥቂት ቀናት ድምፃችሁን አሳርፉ። ሹክሹክታም ቢሆን አያሳርፍም፣ ስለዚህ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእብጠቱ የተነሳ ድምፁ ሊጎረንን ይችላል፤ አትደንግጡ። ለውጡን ራሳችሁ ለካችሁ ማየት ትችላላችሁ። በረጅሙ አየር ስባችሁ፣ ሳታቋርጡ ‹‹ኣ›› በሉና ሰዓት ያዙ። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ ይቆያል፣ አንዱ አውታር ሽባ የሆነበት ሰው ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ። ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ከወራት በኋላ ድምፁ እንደገና አየር ማፍሰስ ከጀመረ ሐኪሙ መርፌ ሊጨምር ወይም መስኮቷን ከፍቶ ሊያስተካክል ይችላል።