ሄደር ሲገጠም ክፍተቱንና ሙቀቱን እንዴት እናስተካክል?

ሄደር፣ ማለትም የተቃጠለውን ጋዝ ከሞተሩ የሚያወጡ ቱቦዎች ስብስብ፣ ገዝቶ የሚገጥም ሰው ሁለት ችግሮች ይጠብቁታል። ወይ ቱቦው ከሆነ ነገር ጋር ይነካካል፣ ወይ ሳይነካ በሙቀቱ ብቻ አጠገቡ ያለውን ያቃጥላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሄደሩ የሚተካው የፋብሪካው ማኒፎልድ (የጭስ ማውጫው መነሻ) አጭርና ወፍራም ብረት ነው፤ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። የሄደር ቱቦዎች ግን ረጅምና ስስ ናቸው፤ በመሪው ዘንግ፣ በሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው) እና በፍሬን መስመሩ አጠገብ እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ።

ብዙ ሰው ወዲያው ሙቀት መከላከያ ፋሻ ገዝቶ ይጠቀልላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ መከለያ፣ ፋሻ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

1. ከመፍታታችሁ በፊት

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለበት። መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ከስሩ አትግቡ፤ ጠንካራ መቆሚያ አድርጉለት። ከዚያ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የጎማ መደገፊያዎች ተመልከቱ። ከተሰነጠቁ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ሞተሩ ይጋደላል፤ የለካችሁት ክፍተት ሁሉ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ እነሱ ይቀየሩ።

2. አስገብታችሁ ሞክሩት

ይሄ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ አትቸኩሉ። ጋስኬቱን አድርጋችሁ ሁሉንም ብሎን በእጅ ብቻ አስገቡ። አንዱን ጫፍ ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ቱቦው ይጣመማል። ሁሉም ከገቡ በኋላ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር አጥብቁ።

አሁን መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ፍሪሲዮኑን ርገጡ፣ ማርሹን ቀያይሩ። የሚነካ ነገር አለ? በዓይን ብቻ የማይለይ ጠባብ ቦታ ካለ የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን ለጥፉበት። ረዳታችሁ ሞተሩን በእንጨት ደገፍ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይግፋው። የተጨፈለቀው ፕላስቲሲን ውፍረት እውነተኛውን ክፍተት ይነግራችኋል።

ከሻንሲው ጋር ከታሰረ ነገር ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ብትተዉ እመርጣለሁ። ጎማ፣ ፕላስቲክ ወይም ነዳጅ ያለበት ከሆነ ከዚያ በእጥፍ ይበልጥ። ቱቦው ሲግል እንደሚረዝምም አስቡ። አንድ ሜትር የማይዝግ ብረት 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲጨምር 9 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ቀዝቅዞ ለጥቂት የሚያልፍ ቱቦ ሲግል ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

3. የሚነካ ከሆነ

መጀመሪያ ሌላውን ነገር አንሱ። ገመዱን በሌላ በኩል አሳልፉ፣ መስመሩን አዙሩ፣ ወይም ለሞተሩ የሚሆን አነስ ያለ ሞተሪኖ ፈልጉ። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ቱቦውን ትንሽ ማጎድጎድ ይቻላል። ሄደሩን አውጡት፣ ቦታውን በጋዝ እሳት እስኪቀላ አግሉት፣ ክብ ብረት ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ጉድጓዱ ረዘም ያለና ጥልቀት የሌለው ይሁን። በዚህ መጠን የሚጠፋው ጉልበት ከቁጥር አይገባም። ሄደሩ እንደተገጠመ፣ ቀዝቃዛውን ቱቦ በመዶሻ መምታት ግን ብየዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሴራሚክ (ሙቀት የሚከላከል ቅብ) ለማስቀባት ካሰባችሁም ይህን ሥራ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ አለዚያ ቅቡ ይረግፋል።

4. ሙቀቱን መከለል

የፍሬን መስመር ቅድሚያ ይሰጠው። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት 205 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ውሃ ሲስብ ደግሞ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ ፔዳሉ ይላላል፣ ፍሬኑ አይዝም። ስለዚህ መስመሩን መከለል ብቻ ሳይሆን ማራቅ ያስፈልጋል።

ሞተሪኖውም ይጎዳል። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚስታንሱ 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መኪናው ሞቆ ሲቆም አዙሮ ማስነሳት የሚያቅተው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ባትሪ ይቀይራል። መፍትሔው ቀላል ነው። በቱቦውና በሞተሪኖው መሃል የላሜራ መከለያ አቁሙ። መከለያው ሁለቱንም አይንካ፤ በግራና በቀኙ አየር ይለፍ። ሙቀት የሚከላከለው ላሜራው ብቻ ሳይሆን አየሩም ነው። ለካንዴላ ገመዶች ሙቀት የሚችል ሽፋን አልብሱ።

ፋሻ ካስፈለገ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ፤ አንዳንዱ ሄደር ከተጠቀለለ ዋስትናው ይቀራል። ጓንትና ማስክ አድርጉ። ፋሻው እርጥበት ስለሚይዝ ተራ ብረትን ቶሎ ያዝገዋል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ላይ በፍጹም አትጠቅልሉ፤ ዘይቱን መጥጦ እሳት ያስነሳል። አቅም ካለ ሴራሚክ ቅብ ይሻላል።

5. የመጀመሪያው ማስነሳት

ቱቦውን ከጣት አሻራና ከዘይት አጽዱ። ባትሪውን መልሳችሁ ደጅ አስነሱት፤ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ትንሽ ጭስ መውጣቱ አያስደንግጣችሁ። ጭሱ ካልቆመ ወይም ፕላስቲክ ከሸተተ ወዲያው አጥፉ።

"ቲክ ቲክ" የሚል ድምፅ ከፍላንጁ (ሄደሩ ከሞተሩ ጋር ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) ከሰማችሁ ጋዝ ያፈስሳል። ከኦክሲጅን ሴንሰሩ በፊት የሚያፈስስ ከሆነ ሴንሰሩ ትርፍ አየር ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ያለ አግባብ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ። አጭር መንገድ ነድታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከስር በባትሪ መብራት ፈትሹ። ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ እዚያ ጋ እየነካ ነው። የጠነከረ ወይም ቀለሙ የተቀየረ ገመድ ካያችሁ ደግሞ መከለያው አልበቃውም።