የልብ ምት ሲዛባና ሲስተካከል፦ ደም ማቅጠኛው ለምን አይቋረጥም

የልብ ምት መዛባት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እዚህ የምናነሣው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን ነው። በዚህ ሕመም የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች በወጉ መኮማተራቸው ቀርቶ ይርገበገባሉ። ደም በተለይ ከግራው የላይኛ ክፍል ጋር በተያያዘች ትንሽዬ ኪስ ውስጥ ይተኛና ይረጋል፤ የረጋው ተነሥቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ምቱን ማስተካከል አንድ ሥራ፣ በደም ማቅጠኛ መድኃኒት መርጋትን መከላከል ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው።

ምቱን ለመቁጠር 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ። የሌባ ጣትዎንና የመሃል ጣትዎን ከአውራ ጣት በታች በእጅ አንጓ ላይ ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለተዛባ ምት አይሠራም፣ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምቱ እኩል መሄድ አለመሄዱንም ይጻፉ። ደካማ ምቶች እጅ ድረስ ስለማይዘልቁ ቁጥሩ ከትክክለኛው ሊያንስ ይችላል። የደም ግፊት መለኪያም ይዋዥቃል፤ 3 ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ሐኪሙ ምቱን በኤሌክትሪክ ለመመለስ ከወሰነና መዛባቱ ከጀመረ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው፣ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ አስቀድሞ ቢያንስ 3 ሳምንት ደም ማቅጠኛ ያለማቋረጥ ይወሰዳል። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን የሚባለው ከሆነ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት) ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በእነዚህ ሳምንታት አንድም ቀን ከዘለሉ አይደብቁ፣ ይናገሩ። ቀጠሮው ይገፋ ይሆናል፣ ወይም በጉሮሮ በሚገባ አልትራሳውንድ ኪሷ የረጋ ደም እንዳለባት ትታያለች፤ ሁለቱም ከስትሮክ ይሻላሉ። በዕለቱ 6 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበሉ ይሂዱ፤ ደም ማቅጠኛውን ግን ሐኪም ካላዘዘ አይተዉት። ሥራው በአጭር ማደንዘዣ በደቂቃዎች ያልቃል። ቆዳ ሊቀላና ሊያቃጥል ይችላል፤ በዚያን ቀን መኪና አይንዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ኢሲጂው (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) «ተስተካክሏል» ቢልም የላይኛው የልብ ክፍል ለሳምንታት ፈዞ ይቆያል፣ በደንብ አይኮማተርም። ደም ሊረጋ የሚችለው ሕመምተኛው ዳንኩ በሚልበት በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 4 ሳምንት መድኃኒቱ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላም መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስነው የሚሰማዎት ጤንነት ሳይሆን ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካምና ቀድሞ የደረሰ ስትሮክ ነው። ምቱ እንደገና ቢዛባም አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ሌላ የሕክምና አማራጭም አለ። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ክብደት መቀነስ፣ አልኮል መተውና የሚያንኮራፉ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ማድረግ የመዛባቱን ተመልሶ መምጣት ያዘገያሉ።

ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ብለው ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን በራስዎ አይጨምሩ፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር የጨጓራ መድማት ያመጣሉ። የረሱትን ለማካካስም በአንዴ ሁለት አይዋጡ።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከባድ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ከመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደም ማቅጠኛውን ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ሁልጊዜ ከእርስዎ አይለይ፤ ምልክቱ የጀመረበትንና መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰዱበትን ሰዓት አብሮዎት ያለው ሰው ይወቅ፤ ለስትሮክ የሚሰጠው ሕክምና የሚመረጠው በእነዚህ ሰዓቶች ነው።