የስቲልሄድ አጥማጅ መጀመሪያ የሚያያት ትንሽ ክንፍ

በሲያትልና በአካባቢዋ ዓሣ ማጥመድ የጀመራችሁ ወገኖች፣ ስቲልሄድ የተባለው ዓሣ መንጠቆ ውስጥ ሲገባላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ በጀርባው ላይ ከጭራው ጥቂት ፈቀቅ ብላ የምትገኘውን አውራ ጣት የማታህል ለስላሳ ክንፍ ተመልከቱ። ክንፏ ለምልክት ተቆርጣ በቦታዋ የዳነ ጠባሳ ብቻ ከቀረ ዓሣው በማራቢያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ክንፏ ካለች ግን የዱር በመሆኑ፣ የወንዙ ደንብ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር፣ ከውኃው ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ ልቀቁት። ለፎቶ ብሎ ድንጋይ ላይ ማጋደም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማጥመዱ የባሰ ጉዳት ነው።

ስቲልሄድ ከቀስተ ደመና ትራውት ጋር አንድ ዝርያ ሲሆን፣ የሚለየው በወንዝ ተፈልፍሎ ካደገ በኋላ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ወርዶ፣ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ በመመለሱ ነው። የፓሲፊክ ሳልመኖች ዕንቁላል ጥለው ሲሞቱ፣ ከስቲልሄድ ግን አንዳንዱ ወደ ባሕር ተመልሶ በሌላ ዓመት ደግሞ ሊመጣ ይችላል። በሲያትል አጠገብ ያለው የባሕር ወሽመጥ የፑጄት ሳውንድ ስቲልሄድ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተመዝግቧል።

ስትለቁት እጃችሁን አስቀድማችሁ አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋል። ስንጥቡን ሳትነኩ የጭራውን ሥር በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ደግፋችሁ፣ ራሱን ወደሚመጣው ውኃ አዙሩና በራሱ ኃይል እስኪሄድ ያዙት። የመንጠቆውን የኋላ ጥርስ አስቀድማችሁ በፒንሳ ከደፈጠጣችሁት ደግሞ መንጠቆውን መንቀሉ ይቀልላችኋል።