ከአሰላ እስከ ደብረ ማርቆስ፦ አሮጌ ትራክተር ጭኖ ሲኬድ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ያገለገለ ትራክተር ከአርሲ ገዝቶ ወደ ጎጃም የሚወስድ ሰው የሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ከባድ ዕቃ የሚጭን ተሳቢ) ዋጋ ሲነገረው "ለምን እየነዳሁ አልሄድም?" ይላል። እኔ አልመክርም። መንገዱ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አሮጌ ትራክተር ደግሞ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ለአፈር የተሠራ ጎማ አስፋልት ላይ ይግላል፤ ጥርሱም እንደ ሳሙና ያልቃል። ጎኑ የተሰነጠቀ ከሆነማ አዳማ መድረሱንም እንጃ። ስለዚህ ጭነን እንሂድ።

ሰንሰለቱ ላላ

አሰላ ላይ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረው ሰንሰለት ኢተያ ላይ ሲታይ ተንጠልጥሏል። ያሰረው ሰው ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል። አሮጌ ትራክተር ባሌስትራ የለውም፤ የሚያነጥረው ጎማው ነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጎማው ይጨፈለቃል፣ ሰንሰለቱም በዚያችው ልክ ይላላል። ለእርሻ ክብደት ተብሎ የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ ከተሞላ ደግሞ ብዙ መቶ ኪሎ ይጨምራል። ከመጫኑ በፊት ሻጩን ጠይቁት።

መፍትሄው ከአራት ቦታ ማሰር ነው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ሰንሰለቱ የሚያዘው በዋናው አካል ወይም በወፍራም መጎተቻው ብረት ነው። ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይግባ፣ ታኮውም ወለሉ ላይ በሚስማር ይመታ። ከተነሳችሁ ከ20 ወይም ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ አጥብቁ። ከዚያ በኋላም ሻይ ለመጠጣት በቆማችሁ ቁጥር። ረዳቱ "ምንም አይሆንም" ይላል። ይበል።

በመሪው ዘንግ ግን እንዳታስሩ። እኔ አንድ ጊዜ ሲያስሩ አይቼ ዝም አልኩ። ደብረ ማርቆስ ስናወርደው ዘንጉ ታጥፎ አንዱ የፊት ጎማ ወደ ደጀን፣ ሌላው ወደ ሞጣ ያያል።

ሲወርድ ሞተሩ አልዞር አለ፣ ወይም ቱርቦው ያፏጫል

ይሄኛው ብዙ ሰው ያስከፍላል፤ መከላከያው ግን አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ነው። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ወደ ሰማይ ክፍት ነው። ክረምት ላይ ሲጓዝ ዝናቡ ይገባና አንዳንዴ ሲሊንደር ውስጥ ይደርሳል። ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ያለው ከሆነ ደግሞ በቧንቧው የሚገባው ነፋስ ቱርቦውን ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ስለማይሠራ ዘይት አይደርሰውም፤ ደረቁን ሲዞር ውሎ ኩሽኔታው ይበላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የቧንቧውን አፍ በከረጢት ሸፍናችሁ በሽቦ እሰሩት። ሳይሸፈን ሄዶ ሞተሩ አልዞር ካለ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አታስጨንቁት፤ ጎትታችሁ ለማስነሳትም አትሞክሩ። ውሃ አይታመቅም፤ የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ብረት፣ ቢየላው ነው። ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች አውልቃችሁ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ውሃ ከነበረ ይተፋዋል። ከዚያ ዘይቱ ይቀየር።

ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ

ብዙዎች የነዳጅ ፖምፓው ሞተ ብለው ወደ ጋራዥ ይሮጣሉ። አትሩጡ። ዓመታት ነዳጅ ታንከሩ ሥር የተኛው ደለል መንገድ ላይ ሲናጥ ውሎ ፊልትሮውን ዘግቶታል። ታንከሩን ከሥር አፍስሱት፤ ቡና የመሰለ ነገር ከወጣ ምክንያቱን አገኛችሁት። ፊልትሮ ቀይሩ፣ ከነዳጅ መስመሩ አየሩን አስወጡ።

ዓባይ በረሃ ላይ የተቃጠለ ሽታ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሽታው የጭነት መኪናው ፍሬን ነው፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው ፍሬን እየረገጠ ወርዷል። ቦታ ፈልጎ ይቁምና እስኪበርድ ይጠብቅ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አይደፋም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለመውረድ የሚመረጠው ማርሽ ገና ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው የሚገባው።

ሌሎች ጥቃቅን

ኮፈኑን ነፋስ እንዳይገነጥለው በገመድ እሰሩ። ባትሪውን ንቀሉ። ሊብሬውና የሽያጭ ውሉ ጋቢና ውስጥ ይሁን፤ ኬላ ላይ "ሻጩ ጋ ነው" ማለት አያሳልፍም። የጫናችሁት ኮምባይነር (የእህል ማጨጃና መውቂያ ማሽን) ከሆነ የፊት መቁረጫው ተፈትቶ ለብቻው ይጫናል። ቁመቱንም ከመሬት ጀምራችሁ ለኩና ጋቢናው ላይ በጠመኔ ጻፉት፤ ከተማ ውስጥ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ አለ።

ሲወጣና ሲወርድ የፊት ጎማው ተነሳ

መወጣጫው በጣም ቀጥ ብሏል፣ የትራክተሩም ክብደት ያለው ኋላው ላይ ነው። የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ከሆነ በኋላ ማርሽ ይውጣ፣ ሲወርድም ፊቱን አስቀድሞ ይውረድ። ሎቤድ ካልሆነ መኪናውን ከአፈር ግድብ ጋር አስጠግታችሁ ከፍታውን አመጣጥኑ። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ በተለይ ልጆች፣ ከመወጣጫው ግራና ቀኝ ይራቅ። መሪው ላይ ከሚቀመጠው ሰው በቀር ትራክተሩ ላይ ማንም አይንጠልጠል።